አፕዴቱ እምቢ ሲል፦ ከፎርማት በፊት ቁጥሩን ያንብቡ

ጥያቄው ከሐዋሳ ነው የመጣው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። አሳጥሬ እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦

«ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። የተጫነው ዊንዶውስ 10 ነው። አፕዴት አልጭን ካለኝ ወራት ሆነው። በስልኬ ሆትስፖት ያወርዳል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ከዚያ ለውጡን እየመለስኩ ነው፣ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ስንጠብቀው ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንዴ 80070643፣ ሌላ ጊዜ 80070070 የሚል ቁጥር አይቻለሁ። ሰፈር ያለ ባለሙያ ‹ዊንዶውስ 10 አብቅቶለታል፣ ፎርማት መደረግ አለበት› አለኝ። የተማሪዎቼ ውጤት፣ የፈተና ወረቀቶቼና የልጆቼ ፎቶ ሁሉ እዚያው ነው። ምን ላድርግ?»

ውድ መምህርት፣

ላፕቶፑን ፎርማት እንዳያስደርጉት። የላኩልኝ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ። አንዳቸውም ፎርማት አይጠይቁም። 80070070 ማለት ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው፣ በቃ። 80070643 ግን ጠጋ ብሎ ማየት ይፈልጋል። አንዳንዴ እውነተኛ ችግር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ ሁለቱም እመጣለሁ።

በፎርማት ላይ ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርዎት። አንድ ሰው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። አፕዴት አልጭን ብሎት ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጎታል። በመጀመሪያው ፎርማት የእናቱ ፎቶዎች ጠፉ። እናቱ በሕይወት የሉም። ከሁለተኛው ፎርማት በኋላም አፕዴቱ ያው እምቢ አለ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን ነበር። ዓመቱ 2016 ይላል። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 2016 ነበር። ሰውየው ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር እያየ ነው ያስተካከለው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዷል። የማይክሮሶፍት ሰርቨር ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል ገደብ አለው። 2016 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ያ ሰርተፍኬት ገና ጊዜው አልደረሰም። ስለዚህ አላምንም ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር 80072ኤፍ8ኤፍ ነው። ዓመቱን አስተካከልኩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድ ጀመረ። ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም።

የእርስዎ ቁጥር ይሄ አይደለም። ቢሆንም ቀኑንና ዓመቱን አንዴ ይዩት። የሰዓት ክልል ሲመርጡ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን ካጡ አይደናገጡ፣ ናይሮቢ የሚለው የእኛም ነው። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃለች። ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት።

«ዊንዶውስ 10 አብቅቶለታል» ያልዎት ሰው ግማሹን እውነት ነግሮዎታል። ማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ነገር ግን አፕዴትዎን ከመንገድ የሚመልሰው ይሄ አይደለም። ድጋፍ ሲያበቃ አዲስ አፕዴት መቅረቡ ይቀራል እንጂ ኮምፒውተሩ አውርዶ፣ ጭኖ፣ መልሶ አያፈርስም። እስከዚያ ቀን የወጡትን ዛሬም መጫን ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት የተማሪዎቹን ውጤትና ፎቶዎቹን ያውጡ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለእርስዎ የሚበቃ ይመስለኛል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ኮፒ ያድርጉ። ከት አያድርጉ፣ መሃል ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ዋናው ቦታው ላይ መቅረት አለበት። ሲጨርሱ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ሦስት አራት ፋይል ከፍተው ይመልከቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ ነው ብዬ አልቆጥረውም።

ላፕቶፑ ያገለገለ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ይክፈቱ። በግራ በኩል ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚል ካዩ ይጫኑት። በርቶ ከሆነ ዲስክዎ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። አንዳንድ ጥገና ካደረጉ በኋላ ኮምፒውተሩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል። ያ ቁልፍ የሚቀመጠው መጀመሪያ በገባው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ነው። ያ ሰው የቀድሞው ባለቤት ከሆነ ቁልፉ ከእርሱ ጋር ነው ያለው። ይህን ሰው አሁን ከየት ያገኙታል? ስለዚህ የእርስዎ አካውንት ላይ ቁልፉን ካላገኙት፣ ላፕቶፑ አሁን በሰላም እየተከፈተ ሳለ ኢንክሪፕሽኑን ያጥፉት። ማጥፋቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ቻርጀር ላይ ሰክተው ይተዉት። በዚህ ምክንያት ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ያጣ ሰው አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው የማስጨንቅዎት።

ቀጥሎ የአፕዴቱን ታሪክ ይዩ። እዚያው አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ቪው አፕዴት ሂስትሪ የሚል አለ። ያልተሳኩት ተዘርዝረው ያገኟቸዋል። እያንዳንዱ ኬቢ ተብሎ የሚጀምር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ከጎኑ ደግሞ የስህተቱ ቁጥር። ከስህተቱ ቁጥር ፊት ዜሮና ኤክስ አለ፣ እሱን ይለፉት። ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የትኛው ኬቢ ከየትኛው ስህተት ጋር እንደተጣመረ ነው ማወቅ የምንፈልገው።

80070643ን እንውሰድ። ከጎኑ ያለው ኬቢ5034441 ከሆነ ታሪኩ እንዲህ ነው። ዲስክዎ ውስጥ ሲ ከሚባለው ድራይቭ ሌላ ፋይሎች የምናይበት ቦታ ላይ የማይታይ ትንሽ ክፍል አለ። ሪከቨሪ ፓርቲሽን ይባላል። ዊንዶውስ አልነሳ ሲል የሚመጣው ሰማያዊ የጥገና ገጽ እዚያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ይህ ክፍል 500 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024፣ ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማይክሮሶፍት ኬቢ5034441ን ለቀቀ። ይህ አፕዴት የሚያድሰው ይህንኑ የጥገና ገጽ ነው። ለመጫን ደግሞ እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ያ ቦታ አልነበረም። የከፋው ግን መልእክቱ ነው። «ቦታ አነሰኝ» ማለት ሲገባው «መጫን አልተሳካም» የሚለውን ጥቅል ቁጥር 80070643ን ሰጠ። ሰዎች ሲ ድራይቭን ሲጠርጉ ከረሙ፣ ችግሩ ግን ሲ ላይ አልነበረም። በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ ይህ በራሱ እንደማይስተካከልና ክፍሉን በእጅ ማስፋት እንደሚያስፈልግ ገለጸ።

በእጅ ማስፋት ማለት ከሲ ድራይቭ ላይ 250 ሜጋባይት ቆርሶ፣ የድሮውን ሪከቨሪ ክፍል ሰርዞ፣ እንደገና መሥራት ነው። ሥራው በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ በቁጥር የሚመረጥ ነው። አንድ ቁጥር ከተሳሳቱ የሚሰረዘው ሌላ ክፍል ይሆናል። እኔ ለእርስዎ አልመክርም። ምክንያቴ ይሄ ነው፦ አፕዴቱ የሚደፍነው ቀዳዳ ላፕቶፑን በእጁ የያዘ ሰው ቢትሎከር የሚባለውን የዲስክ ቁልፍ እንዲያልፍ የሚያስችል ነው። የእርስዎ ዲስክ ካልተቆለፈ የሚታለፍ ቁልፍ የለም። ስለዚህ ያልተሳካው ይሄ ብቻ ከሆነ ይተዉት፣ ሌሎቹን አፕዴቶች አይከለክልም።

ከቁጥሩ ጎን ያለው ኬቢ5057589 ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይጨነቁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የወጣ፣ ይህንኑ የጥገና ገጽ የሚመለከት አፕዴት ነው። ቁጥሩ ያው 80070643 ነው። ማይክሮሶፍት ግን የስህተት መልእክቱ ትክክል እንዳልሆነና በኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ምንም እንደማያመጣ አስታውቋል። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ። ኬቢውን ሳያይ በ80070643 ብቻ «ፎርማት» የሚል ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

ሦስተኛ ዕድል አለ። የአፕዴቱ ስም ላይ ዶትኔት (ብዙ ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚደገፉበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) የሚል ካለበት የተበላሸው የዶትኔት ጭነት ነው። ለዚህ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው የዶትኔት መጠገኛ ፕሮግራም አለ።

የእርስዎን አፕዴት ከመንገድ እየመለሰ ያለው ግን 80070070 ነው ብዬ አምናለሁ። 128 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲታይ 119 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና ሌሎች ፕሮግራሞች ይወስዳሉ። ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሞግቱኛል፦ «አፕዴቱ ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም፣ እኔ ደግሞ 3 ጊጋባይት ባዶ አለኝ፣ ታዲያ እንዴት ሞላ ይለኛል?» አፕዴት የወረደውን ፋይል ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። የታሸገውን ይፈታል። አዲሱን ከመተካቱ በፊት አሮጌውን ያስቀምጣል። እንዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ ነው። ያ «እየመለስኩ ነው» የሚለው የሚያናድድ ጽሑፍ ኮምፒውተርዎን ያዳነው ነገር ነው። አሮጌውን ይዞ ባይቆይ ኖሮ ላፕቶፑ ዛሬ አይነሳም ነበር።

ስለዚህ ሲ ድራይቭ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይፍጠሩ። የመጀመሪያው የምመለከተው ቦታ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር ነው። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ፊልሙ፣ የትምህርት ቪዲዮው፣ በአምስት ግሩፕ የተላከው ያው ፒዲኤፍ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ከአንድ ላፕቶፕ ላይ ከዚህ ፎልደር ብቻ 40 ጊጋባይት ያወጣሁበት ቀን አለ። ቪዲዮዎቹን ወደ ኤክስተርናል ያዛውሩ፣ የማይፈልጉትን ያጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያለ ፋይል ቦታውን ገና አልለቀቀም።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ብለው ቴምፖራሪ ፋይልስን ይክፈቱ። ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ የሚለውን ይምረጡ፣ የድሮ አፕዴቶች ትራፊ ነው፣ ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም ይበሉ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ዳውንሎድስ የሚል አለ። እሱ ላይ ምልክት ካደረጉ የዳውንሎድስ ፎልደርዎ በሙሉ ይጠፋል። ስለ ጽዳት ፕሮግራሞች አይጠይቁኝ፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልጉም። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብተው ትልቅ የመሰለዎትን ፋይል በእጅ መሰረዝም ክልክል ነው።

ስለ ሆትስፖቱ። ሆትስፖት ራሱ ችግር አይደለም። ሲቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን ዋይፋዩ ሜተርድ ኮኔክሽን ተብሎ ከተመዘገበ ዊንዶውስ ዳታ ለመቆጠብ ሲል አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም። ይህን ሴቲንግ ለአፕዴቱ ቀን ያጥፉት፣ ሲያልቅ መልሰው ያብሩት። ሌላው ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ነው። ከኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችንም እንዲጨምር ተደርጎ ከበራ፣ እርስዎ ያወረዱትን አፕዴት ከእርስዎ ላፕቶፕ ለሌሎች ያካፍላል። በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ያጥፉት።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ቻርጀሩን ሰክተው፣ ባትሪው ሞልቶ፣ አፕዴቱን እንደገና ይሞክሩ። የላፕቶፕዎ ባትሪ ደክሞ ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚያጠፋዎት ከሆነ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ሪስታርቱን አይጀምሩት። ማውረዱ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ችግር የለውም። አስጊው ሪስታርት ካደረገ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስክሪኑ 30 በመቶ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆምም ይታገሡ። ሁለት ሦስት ሰዓት አልፎ ቁጥሩ ካልተነቃነቀና የዲስኩ መብራት ብልጭ ማለቱን ካቆመ ብቻ ነው ፓወሩን ተጭኖ ማጥፋት።

ክፉ ነገር ሆኖ ላፕቶፑ ባይነሳ እንኳ ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ለመነሳት ደጋግሞ ካልተሳካለት ያ ሰማያዊ የጥገና ገጽ በራሱ ይመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አንኢንስቶል አፕዴትስ ብለው የመጨረሻውን አፕዴት ማውጣት ይችላሉ።

ቦታ ኖሮም እምቢ ካለ ሁለት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው የወረደውን ጥሎ እንደ አዲስ ማስወረድ ነው። ሰርቪስስ የሚባለውን ከፍተው ዊንዶውስ አፕዴትን እና ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር የሚለውን ስቶፕ ያድርጉ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን የሚለውን ፎልደር ስሙን ይቀይሩት፣ ለምሳሌ መጨረሻው ላይ ኦልድ ይጨምሩ። ሁለቱን አገልግሎቶች መልሰው ያስጀምሩና ሪስታርት ያድርጉ። የአፕዴት ታሪኩ ዝርዝር በዚህ ጊዜ ይጠፋል። ቅድም ፎቶ ያንሱት ያልኩት ለዚህም ነው።

ሁለተኛው የተጎዱ የዊንዶውስ ፋይሎች ናቸው። ቁጥሩ 80073712 ሲሆን በተለይ ይሄን ያስቡ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው መጀመሪያ ዲዝም በሚባለው ትእዛዝ ማስጠገን፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ ስካንናውን ማስሮጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ኤስኤፍሲ የተበላሸውን የሚተካው ከዊንዶውስ የራሱ መጋዘን አውጥቶ ነው። ዲዝም የሚጠግነው ደግሞ መጋዘኑን ነው። መጋዘኑ ተበላሽቶ ሳለ ከእሱ ማውጣት ዋጋ የለውም። ዲዝም ጤነኛ ፋይል የሚያመጣው ከኢንተርኔት ስለሆነ ኮኔክሽን ይኑርዎት። አንድ ቁጥር ላይ ረጅም ጊዜ ቢቆምም እየሠራ ነው።

ይህም ካልሆነ፣ ሰፈር ያለው ባለሙያ ፎርማት ከማለት ይልቅ ሊያደርግልዎት የሚገባው ነገር አለ። ዊንዶውሱን በራሱ ላይ መጫን ነው። ከማይክሮሶፍት ገጽ ዊንዶውስ 10ን ወደ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያወርዳሉ። ላፕቶፑ በርቶ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው፣ ፍላሹ ላይ ያለውን ሴትአፕ ይከፍታሉ። ምን ይቆይ ብሎ ሲጠይቅ ፋይሎችና ፕሮግራሞች ይቆዩ የሚለውን ይመርጣሉ። የዊንዶውስ ፋይሎች ሁሉ ይታደሳሉ፣ የእርስዎ ሁሉ ይቀመጣል። ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነስተው (ቡት አድርገው) ከጀመሩት ግን ይህ ምርጫ የለም፣ ይህን ልዩነት ለሠሪውም ይንገሩት። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው ያውርዱት። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ «ቀለል የተደረገ» የሚባል ዊንዶውስ አይጠቀሙ። አንዳንዶቹ የአፕዴት ክፍሉ ሆን ተብሎ የተቆረጠባቸው ናቸው፣ እነሱ ላይ የትኛውም ጥገና አይሠራም።

አፕዴቱ ሲስተካከል የዊንዶውስ 10 ነገር ይቀራል። ላፕቶፕዎ 8ኛ ጄኔሬሽን መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ እሱ ነው። ራሙም ዲስኩም ይበቃል፣ የሚጠየቀው 4 እና 64 ጊጋባይት ነው። ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ጭነው ያስፈትሹት። ቲፒኤም (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ) የለም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ላይ፣ ጠፍቶ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ወደ 11 መሄድ ካልፈለጉ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ለተራዘመው የደህንነት ድጋፍ መመዝገቢያ ይመጣል፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያገለግላል። ሴቲንግዎን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ካገናኙ በነፃ ነው፣ ካልሆነ 30 ዶላር። ለመመዝገብ ግን ላፕቶፑ 22ኤች2 የሚባለው ቨርዥን ላይና አፕዴት የተደረገ መሆን አለበት። ስለዚህ ቦታ ማስለቀቁ ይቀድማል።

20 ጊጋባይት ባዶ አድርገው ሞክረውት ካልሆነ ሦስት ነገር ይጻፉልኝ፦ የኬቢ ቁጥሩን፣ ከጎኑ ያለውን የስህተት ቁጥር፣ እና ሲ ድራይቭ ላይ በዚያ ሰዓት ስንት ጊጋባይት ባዶ እንደነበረ።